ላይከን ፕላነስ በልጆች ገላ ላይ፤ ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹ

ላይከን ፕላነስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሕክምና ተማሪ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። መጽሐፉ እንደሚለው ሽፍታው ሐምራዊ ነው፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ዙሪያው ማእዘን አለው፤ ያሳክካል። ተማሪው ይህን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ሐምራዊውን ቀለም በዐይኑ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በአገራችን ልጆች ገላ ላይ ያ ቀለም በግልጽ አይታይም። ባላገኘውም ጊዜ በሽታው የለም ብሎ ይደመድማል፤ ልጁም እከክ ነው ወይም ችፌ ነው ተብሎ አንድ ቅባት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው በጥቁር ልጅ ገላ ላይ ላይከን ፕላነስን የሚያስታውቀው ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹና ብርሃን ሲያርፍበት የሚሰጠው መልክ እንደ ሆነ ነው፤ ደግሞም አፉንና ጥፍሩን ሳያዩ ልጁን ማሰናበት የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ብዙ አይደለም። በመላው ሕዝብ ዘንድ ሲቈጠር ከ100 ሰው አንድ አይሞላም፤ የሚበዛውም ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ በወጡት በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ውስጥ ከ100 የላይከን ፕላነስ ሕመምተኞች መካከል ልጆች የሆኑት ከ1 እስከ 4 ቢደርሱ ነው። ከህንድ አገር የሚወጡት ጽሑፎች ግን ከዚህ ከፍ ያለ ቍጥር ይሰጣሉ። ስለ ልጆች ብቻ ከተጻፉት መካከል ታላላቆቹ ሁለት ዝርዝሮች የወጡት ከዚያው አገር ከቻንዲጋር ከተማ ሲሆን፣ በ2002 የታተመው 87 ልጆችን፣ በ2010 የታተመው ደግሞ 100 ልጆችን ይዟል። ከአህጉራችን ከናይጄርያ ከኤኑጉ ከተማ በ2007 የታተመው 13 ልጆችን ብቻ ይገልጻል። በዚያው በ2010 ከአሜሪካ በወጣው የ36 ልጆች ዝርዝር ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ቍጥር ከድርሻቸው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህ በሽታ የጥቁር ቆዳ እንግዳ ነው ብሎ ለማሰብ ምንም ምክንያት የለም።

ታዲያ የመጽሐፉ ሥዕል ከእኛ ልጆች ገላ ጋር ለምን አልገጠመም? መልሱ በበሽታው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስሙ ከግሪክና ከላቲን የተገጣጠመ ነው። ላይከን ማለት በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ እንደ ሽበት የሚታየው ነገር ሲሆን፣ ፕላነስ ማለት ጠፍጣፋ ማለት ነው። የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ይህን የመሰለውን ሽፍታ ቀይ ላይከን ይለው ነበር። እንግሊዛዊው ኢራስመስ ዊልሰን በ1869 ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጠው። ፈረንሳዊው ልዊ ፍሬደሪክ ዊክሃምም በ1895 በእብጠቶቹ ፊት ላይ የሚሄዱትን ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች ገለጸ፤ መስመሮቹም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራሉ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት በቪየና፣ በለንደንና በፓሪስ ነው። ያዩትን በትክክል ጽፈዋልና አንወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ያዩት በነጭ ቆዳ ላይ ነበር። ሄብራ ቀይ ያለውና በኋላ የመጡት ሐምራዊ ያሉት ቀለም ከበሽታው ብቻ የመጣ አይደለም፤ በሽታው ከሚታይበት ቆዳ ጋር ተደባልቆ የወጣ ቀለም ነው።

ይህን ለመረዳት በቆዳው ውስጥ የሚሆነውን ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። በላይከን ፕላነስ ጊዜ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከላይኛው ቆዳ ሥር ተሰብስበው እንደ መቀነት ይጋደማሉ፤ ከዚያም የላይኛውን ቆዳ መሠረት ሆነው የተደረደሩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቈጥረው ያጠፏቸዋል። የሞቱት ሕዋሳት በአጉሊ መነጽር ክብ ሆነው ይታያሉ፤ በፈረንሳዊው ሐኪም በሲቫት ስም ይጠራሉ። የቆዳው ታችኛ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ቅንጣት ያለው የላይኛው ድርድር ደግሞ በየቦታው ይወፍራል። ሐኪሙ በዐይኑ የሚያየው ምልክት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ዊክሃም ያያቸው ነጫጭ መስመሮች ያ ድርድር የወፈረባቸው ቦታዎች ናቸው። የቆዳው መሠረት ሲፈርስም በዚያ የነበረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ወደ ታችኛው ቆዳ ይወርዳል፤ በዚያም ቆሻሻ የሚጠርጉ ሕዋሳት ይውጡትና ለብዙ ጊዜ ይዘውት ይቀመጣሉ። ቀለም በጥልቀት ሲቀመጥ ከላይ ሲያዩት ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ያደላል። ነጭ ቆዳ ላይ የዚህ ቀለምና የደም ሥሮች ቅላት ተደባልቀው ሐምራዊ ይሆናሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ይሸፈናል፤ የሚወርደው ሜላኒን ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ጥቁር ቡናማ፣ የአመድ መልክ ያለው ግራጫ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ከሰል የጠቈረ ሆኖ ይታያል። ሐምራዊነቱን ለማየት የሚችል ዐይን አልፎ አልፎ ያገኘዋል፤ እርሱን ግን መጠበቅ አይገባም።

አሁን አንዱን እብጠት ነጥለን እንየው፤ የምርመራው ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። መጠኑ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሜትር ጀምሮ እስከ 1 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ የምስር ክክ ያኽላል። ምስር ክክ ጠፍጣፋው ወገን ወደ ላይ ሆኖ በቆዳ ላይ ተለጥፎ ቢታይ በሽታውን በደንብ ይመስላል። ጫፉ እንደ ብጉር የሾለ፣ ፊቱም እንደ ተራ ኪንታሮት የሻከረ አይደለም። ዙሪያው ክብ ሳይሆን ማእዘን ያለው ነው፤ ይህም የሆነበት ምክንያት በቆዳችን ላይ ያሉት ረቂቅ መስመሮች ስለሚወስኑት ነው። ብዙ እብጠቶች ሲቀራረቡ እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ይገጣጠማሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስታውቀው አብረቅራቂነቱ ነው። ልጁን በክፍሉ መካከል በአምፑል ሥር አቁሞ ከፊት ለፊት የሚመለከት ሰው ይህን አያገኘውም። ልጁን ወደ መስኮት ማቅረብ፣ ክንዱንም ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጎ ቀስ ብሎ ማዟዟር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ጠፍጣፋዎቹ ፊቶች እንደ ትናንሽ መስተዋት አንድ በአንድ ብልጭ ይላሉ። እከክም ችፌም እንዲህ አያደርጉም።

የዊክሃምን መስመሮች ለማየት በእብጠቱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጎ በእጅ ማጉያ መነጽር መመልከት የቆየ ዘዴ ነው። ዛሬ ደርሞስኮፕ የሚባለው ባለ መብራት መነጽር ባለበት ሥፍራ ነገሩ ቀሏል፤ መስመሮቹ እንደ ጥልፍ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ተያይዘው ይታያሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ያለ መነጽር እነርሱን ማየት አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ቢታዩ የምርመራው ማኅተም ናቸው፤ ባይታዩ ግን በሽታው የለም አያሰኝም።

የሚወጣበት ቦታም የራሱ ሥርዐት አለው። የእጅ አንጓ በውስጥ በኩል፣ ክንድ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእግር አገዳ ፊትና ወገብ የታወቁት ቦታዎች ናቸው። በልጆች ላይ እግር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ማሳከኩ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ሌላው ከነመኖሩም አያስታውሰውም። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ በዐይን የሚገኝ አንድ ምልክት አለ። የላይከን ፕላነስ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በጥፍሩ ከመቧጨር ይልቅ በመዳፉ ያሻል። ስለዚህ ብርቱ ማሳከክ እያለ የጭረት ቁስልና የደረቀ ደም በገላው ላይ ያን ያኽል አይገኝም።

ቆዳው በተጫረበት መንገድ አዲስ እብጠት ተሰልፎ መውጣቱም የበሽታው ጠባይ ነው። የብሬስላው ሐኪም ሄንሪክ ከብነር ይህን ነገር በ1872 የገለጸው ስለ ሌላ በሽታ፣ ስለ ሶራያሲስ፣ ሲናገር ነው፤ ሆኖም በላይከን ፕላነስም ላይ በትክክል ይታያል። ልጆች ደግሞ ዛፍ ይወጣሉ፣ እሾህ ይቧጭራቸዋል፣ የጫማ ጠርዝ ይልጣቸዋል። በልጅ እግር ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ የጠፍጣፋ እብጠት ሰልፍ ስናይ ከሁለት ሳምንት ወይም ከወር በፊት በዚያ ቦታ ምን እንደ ነካው መጠየቅ ይገባል። ጠፍጣፋ ኪንታሮትም በጭረት መንገድ ሊሰለፍ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን በልጆች ፊትና በእጃቸው ጀርባ ላይ ይበዛል፣ አያሳክክም፣ ቀለሙም ከቆዳው ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ከተለመደው ሌላ በልጆች ላይ የሚታዩ ልዩ ልዩ መልኮች አሉ። ከእነዚህ መካከል መስመር ሠርቶ የሚወርደው ከአዋቂ ይልቅ በልጅ ላይ ይበዛል። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ወይም ከጀርባ ወደ ሆድ ዞሮ ይሄዳል። ይህ መንገድ የነርቭም የደም ሥርም መንገድ አይደለም፤ ቆዳ በማሕፀን ሲሠራ ሕዋሳት እየተባዙ የተጓዙበት መንገድ ነው፤ ጀርመናዊው አልፍሬድ ብላሽኮ በ1901 ካርታውን ስለ ሣለው በስሙ ይጠራል። ወላጆች ይህን ሲያዩ አልማዝ ባለጭራ ነው ማለታቸው አያስደንቅም። ነገር ግን አልማዝ ባለጭራ ውሃ የቋጠረና የሚያቃጥል ነው፤ በጥቂት ሳምንታትም ይደርቃል። መስመር የሠራው ላይከን ፕላነስ ውሃ አይቋጥርም፣ ለወራትም ይቆያል። በእግር አገዳ ላይ ወፍሮና ሻክሮ የሚቀረው ዓይነት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳክክና ከሁሉ ይልቅ የሚዘገይ ነው። ቀለበት ሠርቶ የሚወጣም አለ፤ እርሱን ከጭርት ለመለየት የጭርት ጠርዝ የሚቀረፍ መሆኑን ማየትና ቅርፊቱን በአጉሊ መነጽር መርምሮ ፈንገስ መፈለግ ነው። ይህን ሳያደርጉ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት በጭርት ላይ ማዘዝ ጭርቱን ያሰፋዋል።

ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ይኸውም በግንባር፣ በጉንጭና በእጅ ጀርባ ላይ የሚወጣው ዓይነት ለእኛ አካባቢ ቅርብ ስለ ሆነ ለብቻው እንጠቅሰዋለን። በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በህንድና በምሥራቅ አፍሪካ ይታያል፤ የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ነው። በኬንያ 51 ሕመምተኞችን መርምሮ በ1979 የታተመው ጥናት የቈላ ላይከን ፕላነስ ይባል የነበረውን ይህን በሽታ በሌላ ስም ለመጥራት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በስሙ ላይ የተነሣው ክርክር ለሕመምተኛው ብዙም አይጠቅመውም። ለሐኪሙ የሚጠቅመው ግን ምልክቱ ነው። መካከሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ በፊት ላይ ይወጣል፤ ማሳከኩ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጨምራል። በአዋቂ ሴቶች ፊት ላይ ከሚታየው ከማድያት ጋር ስለሚመሳሰል በሴት ልጅ ላይ ሲታይ ማድያት ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የ10 ዓመት ልጅ ማድያት አይይዛትም ብሎ መጠርጠር ብልህነት ነው።

ወደ እከክ እንመለስ፤ በአገራችን ላይከን ፕላነስን ከሁሉ ይልቅ የሚሸፍነው እርሱ ነውና። እከክ ከብዛቱ የተነሣ የማሳከክ ሁሉ ስም ሆኗል። በ2015 ከደረሰው ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል እከክ በሰፊው ተዛምቶ ብዙ ሕዝብ መድኃኒት እንዲወስድ መደረጉ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ አገር የሚያሳክከውን ልጅ አስቀድሞ በእከክ መጠርጠር ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር ነው። አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች እንበል። «ዶክተር፣ እከክ ነው ተብሎ የሚቀባ ፈሳሽ ሰጡን፤ ቀባሁት አልተወውም። ሁለተኛ ሰጡን፤ አሁንማ ጭራሽ ጠቈረ» ትላለች። ይህ ንግግር ራሱ ምርመራ ነው። ሌላ የቤተ ሰብ ሰው ያሳክከው እንደ ሆነ፣ ማሳከኩ በሌሊት ይብስ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ከዚያም በጣቶች መካከል ያለውን፣ ብብቱን፣ እምብርቱንና በወንድ ልጅ የብልቱን ቆዳ ማየት ነው፤ እከክ የሚኖረው በዚያ ነው። የእከክ ሽፍታ ጫፉ የተቧጨረ፣ የቈሰለና አንዳንድ ጊዜም መግል የያዘ ሲሆን፣ የላይከን ፕላነስ ፊት ግን ያልተነካ፣ ደረቅና የሚያበራ ነው። ቤንዚል ቤንዞኤት ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ቢደጋገም የልጁን ቆዳ ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም። እርግጥ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ እከኩን አስቀድሞ ማዳን ይገባል።

ችፌ በክንድና በጉልበት መታጠፊያ ውስጥ ይበዛል፣ ጠርዙም አይለይም። ሶራያሲስ ወፍራም ነጭ ቅርፊት አለው። ላይከን ኒቲደስ የሚባለው የቅርብ ዘመድ በልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ እብጠቶቹ የመርፌ ራስ የሚያኽሉ፣ ሁሉም እኩል የሆኑና የቆዳውን ቀለም የያዙ ናቸው። ቤተ ሰብን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሥጋ ደዌ ነው። ይህን ፍርሃት በሁለት ነገር ማስወገድ ይቻላል። የሥጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው የነጣና ስሜት ያጣ ሲሆን፣ ላይከን ፕላነስ የሚያጠቁርና የሚያሳክክ ነው፤ በጥጥ ጫፍ ሲነኩት ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ ቦታውን በጣቱ ያመለክታል። የሚያጠራጥር ነገር ሲቀር ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚያኽል ቍራጭ ከቆዳው ወስዶ መመርመር ነገሩን ይቈርጠዋል፤ መልኩ ግልጽ በሆነ ልጅ ላይ ግን ቢላዋ ማንሣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አፍ። በአዋቂዎች ዘንድ የቆዳ ላይከን ፕላነስ ካለባቸው ግማሽ ያኽሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በአፋቸው ውስጥም ምልክት ይገኝባቸዋል፤ በልጆች ላይ ከዚህ ያነሰ ነው። ቦታው የጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ሲሆን በግራና በቀኝ እኩል ይወጣል፤ መልኩም ነጭ ጥልፍ ይመስላል። ልጁ ብዙውን ጊዜ አያመውም፤ ስለዚህ ማንም አይነግረንም፤ ራሳችን ምላስ መጫኛና መብራት ይዘን መፈለግ አለብን። በሕፃናት አፍ ላይ የሚወጣው ነጭ የፈንገስ ሽፋን በጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል፤ ይህ ግን አይለቅም። ከዐይን የተሰወረ መስሎ የሚታየው ይህ ጥልፍ ለጥቁር ልጅ ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም በአፍ ውስጥ ያለው ሥጋ በቆዳ ቀለም ያን ያኽል አይሸፈንም። በክንዱ ላይ ያጣነውን የዊክሃም መስመር በጉንጩ ውስጥ እናገኘዋለን። የሚቈስለው ዓይነት በልጆች ላይ ጥቂት ነው፤ ካለ ግን በርበሬና ትኩስ ምግብ ያቃጥለዋል፣ ልጁም ወጥ ያለበትን እንጀራ መሸሽ ይጀምራል።

ጥፍር የጽሑፋችን ክፉው ክፍል ነው። ቆዳው ቢዘገይም ይድናል፤ የፈረሰ የጥፍር ሥር ግን አይመለስም። በሽታው ጥፍር በሚሠራበት ሥፍራ ሲገባ ጥፍሩ ይሳሳል፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚሄዱ ሸንተረሮች ይወጡበታል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ቢታከም ብዙው ይመለሳል። ካልታከመ ግን ከጥፍሩ በስተ ኋላ ያለው ቆዳ ወደ ፊት ተስቦ ከጥፍሩ አልጋ ጋር ይጣበቃል፤ ጥፍሩን እንደ ክንፍ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ይህ ጠባሳ ስለ ሆነ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ይህ ነገር በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ ጥቂት ነው መባሉ እንዳያዘናጋን። በልጆች ላይ ሃያዎቹም ጥፍሮች ሻክረው እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሁሉ ግን ከላይከን ፕላነስ የሚመጣ አይደለም፤ ጠባሳ የማይተውና በራሱ የሚሻለውም ብዙ ነው። በቆዳው ላይ አንዳች ሳይኖር ጥፍር ብቻውን የሚያዝ ልጅም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ፈንገስ ነው ተብሎ ለወራት የፈንገስ ክኒን ሲውጥ የጥፍሩ ሥር ያልቃል። የጥፍር ፈንገስ በትንንሽ ልጆች ዘንድ ብዙ እንዳልሆነ ማወቅ፣ ክኒኑንም ከመጀመር በፊት ከጥፍሩ ፍቆ በአጉሊ መነጽር ማየት ይህን ያስቀራል።

የራስ ጠጕር በልጅ ላይ እምብዛም አይነካም። ከተነካ ግን ጠጕሩ የበቀለበት ቀዳዳ ጠፍቶ ቆዳው ለስልሶ ይቀራል፤ በዚያ ቦታ ጠጕር አይበቅልም። ስለዚህ ከራስ ጭርት መለየት አጣዳፊ ነው።

ምክንያቱን በተመለከተ ነጭ የደም ሕዋሳት ለምን በራሳቸው ቆዳ ላይ እንደሚነሡ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። መድኃኒት ይህን የመሰለ ሽፍታ ሊያስነሣ እንደሚችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰፊው ታይቷል፤ በኒው ጊኒና በፓሲፊክ ደሴቶች ይዋጉ የነበሩ ወታደሮች የወባ መከላከያ አታብሪን በየቀኑ ሲውጡ ላይከን ፕላነስን የሚመስል ሽፍታ ወጣባቸው። ስለዚህ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት መጠየቅ ግድ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው ቫይረስ በአንዳንድ አገሮች ከአዋቂዎች ላይከን ፕላነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ በልጆች ላይ ይህ ግንኙነት ደካማ ነው። ከሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኋላ በሽታው የታየባቸው ልጆችም ተጽፈዋል። ይህ በጥቂት ልጆች ላይ የታየ ነገር ነው፤ ክትባቱ ግን ከጉበት መድረቅና ከጉበት ነቀርሳ ይጠብቃልና፣ ይህን ሰምታ ልጄን አላስከትብም የምትል እናት ብትኖር በትዕግሥት ማስረዳት የሐኪሙ ፋንታ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ አስተማሪም በወረቀት ጽፎ መስጠት መልካም ነው፤ በክፍል ውስጥ ብቻውን በኋላ ወንበር እንዲቀመጥ የተደረገ ልጅ ከማሳከኩ ይልቅ ያ ይጐዳዋልና።

ሕክምናው ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በእብጠቶቹ ላይ እንደ ቤታሜታዞን ወይም እንደ ክሎቤታዞል ያለ ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀባል፤ በፊትና በመታጠፊያ ቦታ ላይ ቀለል ያለው ይመረጣል። ለማሳከኩ እንቅልፍ የሚሰጥ ፀረ ሂስታሚን በማታ ይሰጣል። በመላው ገላ ፈጥኖ የተዛመተ እንደ ሆነና ጥፍር የተነካ እንደ ሆነ በሐኪም ቍጥጥር ፕረድኒሶሎን ለጥቂት ሳምንታት በአፍ ይሰጣል፤ መብራት ባለበት ሆስፒታል በአልትራቫዮሌት ጨረር ማከምም አለ። አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ዓመት አካባቢ ይድናሉ፤ ወፍራሙ ዓይነትና በአፍ ውስጥ ያለው ይዘገያሉ፤ ጥቂቶችም ይመለስባቸዋል።

ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ግን በእኛ ልጆች ላይ ራሱን የቻለ ችግር ነው። አስቀድመን እንዳልነው ወደ ታች የወረደው ሜላኒን በቀላሉ አይጠረግም፤ ለወራት አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል። እናቲቱ ጥቁረቱ ሲበዛ ባየች ቍጥር በሽታው የባሰ ይመስላታል፤ ያንኑ ብርቱ ቅባት ሳታቋርጥ መቀባት ትቀጥላለች፤ ወይም ከገበያ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ትገዛለች። በእንዲህ ያለው ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ራሱ ስቴሮይድ አለበት፤ የልጁም ቆዳ ይሳሳል፣ እንደ እርግዝና መስመር ያለ ስንጥቅ ይወጣበታል። ስለዚህ ልጁ ከ4 ወይም ከ6 ሳምንት በኋላ ሲመለስ እናቲቱ ባለችበት ዐይንን ጨፍኖ የልጁን ክንድ በጣት መዳሰስ፣ ከዚያም የእርሷን ጣት ወስዶ በዚያው ቦታ ማስኬድ ይገባል። ጣት ሲሄድበት ከጤናው ቆዳ ጋር እኩል የሆነው ጥቁር ምልክት የዳነ ነው፤ ቅባት አይነካውም። ጣትን የሚያቆመው ግን ገና ነው፤ ቅባቱም በእርሱ ላይ ብቻ ይቀጥላል። ክንዱን ከለቀቁ በኋላ አሥሩን የእጅ ጥፍሮች እንደገና በመስኮቱ ብርሃን ማየት ነው።